ከመጀመሪያው አውቶቡስ በፊት

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ነው፣ ኦውሉ ከተማ፤
መንገዱ ጭር ብሏል፣ ኮሽታ አይሰማ።
ጨረቃ የሌለው ሰማይ፣
ትንፋሽ ከአፍ ሳይርቅ የሚሆንበት አመዳይ።

ራይሊ ተነሥታለች።
ሁለት ካልሲ ደርባለች፤
የጫማዋን ማሰሪያ ወደ ውስጥ ቀርቅራለች፤
ሰንሰለት የበላው ማሰሪያ ስንቱን እንደጣለ ታውቃለች።

የአውቶቡስ ሹፌር ናት፣ የንጋቱን የምታወጣ፤
ዳቦ ጋጋሪው፣ ጽዳቱ፣ ዘበኛው ከየቤቱ ሲወጣ
መብራቷን አብርታ ፌርማታው ላይ ከች የምትል።
እሷንስ ማን ያድርሳት?
ከመጀመሪያው አውቶቡስ በፊት፣ አውቶቡስ ማን ያምጣላት?

ስለዚህ ብስክሌት።
አረንጓዴ ነበረች አሉ፤ እኔ የማውቃት
ጨውና ዝገት ተጋግዘው ሲቀቧት።
ጎማዋ ግን አዲስ ነው፤ የብረት ጥርስ አብቅሏል፣
ሁለት መቶ አርባ ጥርስ፣ በረዶ ይነክሳል።
(ራይሊ የቀራት አሥራ ዘጠኝ ነው፤
ስትስቅ አፏን በጓንቷ የምትሸፍነው ለዚህ ነው።)

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤
እዚህ ግን እንቁላሉም ባለሚስማር ጫማ ያሻዋል።

ጠጠር የሚበትነው መኪና ገና ከጋራዥ አልወጣም፤
የሌሊቱ በረዶ ተጠርጎ አላለቀም።
ራይሊ አትቸኩልም፤ መንገዱን እንደ ፊደል ታነባለች፤
የትኛው ቦይ እንዳፈሰሰ፣
የቱ ጋ ቀልጦ ዳግም እንደረጋ ታያለች።

ኅዳር ላይ ቶርስቲ የሚባል ልጅ ተቀጠረ፤
መኪናው በብርዱ አልነሣ ቢለው ብስክሌት ጀመረ።
በሦስተኛው ቀን፣ ድልድዩ ላይ፣ ደንግጦ ፍሬን ጨበጠ፤
ሰማዩ ከአስፋልቱ ጋር ቦታ ተለዋወጠ፤
እጁ በጄሶ ታስሮ ስድስት ሳምንት ቤቱ ተቀመጠ።

ጥር ላይ ሲመለስ፣ ከሻይ ክፍሉ ጥግ ጠራችው፤
ጎማውን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ አሳየችው።

«ንፋሱን ቀንስለት፤ የተወጠረ ይንሸራተታል፤
ላላ ያለው እንደ መዳፍ መሬቱን ይጨብጣል።
ነጩን እመነው፤ ሲረግጡት ይናገራል፣ ክርች ክርች ይላል።
ዝም የሚለውን ፍራ፤ ያ ጥቁሩን፣ ውሃ የመሰለውን፣
ድልድይ ላይ፣ የትራፊክ መብራት ሥር የሚያደባውን።
እሱ ላይ ፔዳል አቁም፤ ፍሬን አትንካ፤ አትታጠፍ፤
የተኛ ሕፃን አጠገብ እንደሚታለፍ፣ እንዲያ እለፍ።
ዓይንህ ልትደርስበት ካሰብከው ላይ ይዋል፤
ጉድጓዱን ያየ ጉድጓዱ ውስጥ ይውላል።
ደግሞም መሪ ድንገት ሲዞር፣ የሚወድቀው ተከታይ ነው።»

(ስለ ብስክሌት ነው ያወራችው። ይመስለኛል።)

ልጁ እሺም አላላት፣ እምቢም አላላት፤
ሻዩን ጨልጦ ወጣ።

በሳምንቱ፣ ያው ድልድይ፣ ያው ሰዓት፤
ከኋላዋ ቀጭን ብርሃን በረዶው ላይ ወደቀ፤
ጥላዋ ከጎማዋ ቀድሞ ረዘመ፣ ራቀ።
ጥርስ በረዶ ሲያኝክ ሰማች፣ የሷ ያልሆነ ጥርስ።
ዞራ አላየችም፤
በረዶ ላይ ዞሮ ማየት መውደቅ ነው።
ፔዳሏን ግን አዘገየች፣
ብርሃኑ እስኪጠጋት።
ጥቁሩን ሳይነጋገሩ አለፉት፤
እሱ ትንፋሹን ይዞ፣
እሷም፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ይዛ።

ይህን ሁሉ የሰማሁት ኋላ ነው፣ ሚያዝያ ላይ፣ መንገዱ ጭቃ ሲሆን።
ያን ዕለት የማውቀው ፌርማታው ላይ መገተሬን፣
የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ቤት አለቃዬን፣
ጫማዬ ውስጥ ያልነበሩ የሚመስሉ ጣቶቼን።

በሩ ተከፈተ፤ ሙቀቱ ፊቴን ገረፈኝ።
ቅንድቧ ላይ ገና ያልቀለጠ አመዳይ ነበር።
«አንድ ደቂቃ አረፈድሽ» አልኳት።
«አዎ» አለች፣
አፏን በጓንቷ ሸፍና።